አምቡላንሱ እስኪደርስ፦ ቤታችን ለድንገተኛ አደጋ ተዘጋጅቷል?

 

እስቲ ለአፍታ ይህን እናስብ። ወሩ ሐምሌ ነው። ቦታው ከቡሬ ወጣ ብላ ያለች አንዲት የገጠር ቀበሌ፣ ሰዓቱ ከምሽቱ 3። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። መብራት ጠፍቷል። ኔትወርኩ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይሄዳል። የሁለት ዓመት ሴት ልጅ ምድጃ ላይ የተጣደውን የፈላ ውሃ ስባ ደረቷ ላይ ደፋችው። እናት ትጮሃለች፣ አባት በጨለማ ስልኩን ይፈልጋል፣ ጎረቤት ሮጦ ይመጣል። አንዷ «ቅቤ ቀቧት» ትላለች። ሌላው «ኮልጌት ነው የሚሻለው» ይላል። አያት ደግሞ እንቁላል ፍለጋ ጓዳ ገብተዋል። የአምቡላንሱ ሹፌር ስልክ ማን ጋ ነው ያለው? የሚያውቅ የለም።

ይህን ታሪክ ለማስተማሪያ ያቀናበርኩት ነው። ግን ስታነቡት «ይሄማ የእኛ ሰፈር ነው» ያላችሁ ብዙ እንደምትሆኑ እገምታለሁ።

ባለፉት ዓመታት በአዋሽ አካባቢ የነበረውን የመሬት መንቀጥቀጥ በስልካችን ስናይ ሁላችንም ደንግጠናል። መደንገጡ አይከፋም። ነገር ግን ፍኖተ ሰላም፣ ጅጋ፣ ደንበጫ፣ ቡሬ፣ ሽንዲና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ቀድመው የቤታችንን በር የሚያንኳኩት ሌሎች ናቸው፤ ከሰል፣ የፈላ ውሃ፣ የነቀዝ ክኒን፣ መብረቅ፣ ደራሽ ውሃ። መንገድ ሲበላሽ ወይም ሲዘጋ ደግሞ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ሙሉ፣ ሐኪሙም ነርሱም የቤቱ ሰው ነው።

ዛሬ የምንማረው ያንን ግማሽ ሰዓት ነው። ከተማ ሆናችሁ እናትና አባታችሁ ገጠር ያሉ ልጆች፣ ይህን አንብባችሁ ማታ ደውሉላቸው።

1. ከሰል፦ ሽታ የሌለው ገዳይ

በክረምት ብርድ ሲጠና የከሰል ምድጃውን ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት የተለመደ ነው። በተለይ አራስ ቤት። «ብርድ እንዳይመታት» ተብሎ መስኮቱ ይዘጋል፣ የበሩ ስንጥቅ በጨርቅ ይጠቀጠቃል፣ ፍሙ ጥግ ላይ ይቀመጣል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ፍም ሲሆን «አሁንማ ነጽቷል» እንላለን። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ያኔም ይወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። ደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና ሰውነታችን ቀስ በቀስ ይታፈናል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ነፍሰ ጡሮች፣ ጨቅላ ሕፃናትና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቶሎ ይጎዳሉ።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሁለትና ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ «ራሴን አመመኝ» ካሉ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት። መጀመሪያ ምድጃውን ጠርጥሩ።

👉 ምን እናድርግ? በርና መስኮት እየከፈታችሁ ሰዎቹን በፍጥነት ወደ ውጭ አውጡ። ምድጃውን ከእነሱ በኋላ ታወጡታላችሁ። ራሱን የሳተ፣ ግራ የተጋባ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ካለች «ተሽሏታል» ብላችሁ ቤት አታስቀሩ፤ ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ውሰዱ።

👉 ከዚያ በፊትስ? ከሰል ውጭ ይቀጣጠል፣ ውጭ ይጥፋ። አራሷን በጋቢና በብርድ ልብስ አሙቋት፤ ሕፃኑን በባዶ ደረቷ ላይ አስተኝታችሁ ከላይ ደርቡላቸው። ከፍም ይልቅ የእናት ገላ ይሻለዋል።

2. የነቀዝ ክኒን፦ በቆሎውን ስናድን ሰው እንዳናጣ

ምዕራብ ጎጃም የበቆሎ አገር ነው። በቆሎው ተፈልፍሎ በማዳበሪያ ይሞላና ቤት ውስጥ ይደረደራል፤ ብዙ ጊዜም ሰው በሚተኛበት ክፍል። ነቀዝ እንዳይበላው ደግሞ ከገበያ የተገዛው ክኒን በየከረጢቱ ይጨመራል።

ይህ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ነቀዙን የሚገድለው ይህ ጋዝ ነው፤ ሰውንም የሚገድለው እሱው ነው። አንዳንዴ እንደ ነጭ ሽንኩርት ወይም እንደ ተበላሸ ዓሣ ይሸታል። ሽታ አለመኖሩ ግን ጋዙ የለም ማለት አይደለም። ለዚህ መርዝ ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሆስፒታል ውስጥም የምንችለው ሰውነቱን እየደገፍን መጠበቅ ነው። ስለዚህ ይህን አደጋ የምናሸንፈው ከመድረሱ በፊት ብቻ ነው።

• ክኒን የተጨመረበት እህል ባለበት ክፍል ሰው አይተኛ፤ ለአንድ ሌሊትም ቢሆን።
• ክኒኑን ለትኋን ወይም ለአይጥ ብላችሁ መኝታ ቤት አታስቀምጡ።
• የተረፈውን ውሃ ውስጥ አትጣሉ፤ ውሃ ሲነካው ጋዙን በኃይል ይለቃል።
• ልጆች በማይደርሱበት፣ ቁልፍ ባለው ሳጥን፣ ከመኝታ ቤት ውጭ ይቀመጥ። በንዴትና በጭንቀት ሰዓት በቀላሉ እጅ የሚገባ መርዝ ቤት ውስጥ አለመኖሩ የሰው ሕይወት ያተርፋል። ቤታችሁ ውስጥ «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ሰው ካለ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡት፣ ብቻውን አትተዉት፣ መርዙን ከቤት አውጡ፣ ወደ ጤና ተቋም አብራችሁት ሂዱ።

ሌላ አማራጭ የለም ወይ? አለ። ፒክስ የሚባለው ከረጢት ውስጡ ሁለት ድርብ ፕላስቲክ፣ ውጩ ደግሞ የተለመደው ማዳበሪያ ነው። በደንብ የደረቀ በቆሎ ሞልታችሁ አየር እንዳያስገባ አጥብቃችሁ ብታስሩት ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። ምንም ኬሚካል አያስፈልገውም። የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።

ሰው ከተመረዘስ? የተነፈሰው ከሆነ ወዲያው ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጡት። የዋጠው ከሆነ አታስመልሱት፤ ወተትም ውሃም አትስጡት። የክኒኑን ዕቃ ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። «አሁን ደህና ነው፣ ያወራል» ብላችሁ አትዘናጉ። ከተወሰኑ ሰዓታት በኋላ ልቡ ሊደክም ይችላል።

3. አዳኙ ተጎጂ እንዳይሆን

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን የመሬት ናዳ ታስታውሳላችሁ። ከ200 በላይ ሰው ያለቀበት ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ቤተሰቦች ለማውጣት አፈር ሲቆፍሩ የነበሩ ጎረቤቶች ናቸው። ሁለተኛው ናዳ መጣና እነሱንም ቀበራቸው።

የእኛ ሰው ወገኑ ሲጮህ ቆሞ አያይም፤ ይህ ትልቅ ነገራችን ነው። ግን ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆም ብሎ «እሱን የጣለው ነገር አሁንም እዚያ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጋዝ የሞላበት ክፍል ከሆነ መጀመሪያ በሩና መስኮቱ ይከፈት። በእጅ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ገብቶ ድምፁ ከጠፋ ሌላ ሰው ዘሎ አይግባ፤ ታች አየር ላይኖር ይችላል። ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ከሆነ መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ ሄዳችሁ መብራቱን አጥፉ። የወደቀ የመብራት ኃይል ሽቦ ካያችሁ ደግሞ ራቁ፣ ሌላውንም አርቁ።

4. ቃጠሎና እሳት

ወደ ጀመርናት ልጅ እንመለስ። ምን ይደረግላት?

• የሞቀውን ልብስ፣ አምባርና ክር ቶሎ አውልቁ። ቆዳዋ ላይ የተጣበቀውን ጨርቅ ግን አትጎትቱ።
• የተቃጠለውን ቦታ ብቻ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። ቧንቧ ከሌለ በጆግ እየቀዱ ማፍሰስ ይቻላል። በረዶ አይሁን። የቀረው ሰውነቷ እንዳይበርዳት ሸፍኗት።
• ከዚያ በንጹሕ ነጠላ ወይም በንጹሕ ፌስታል ለቀቅ አድርጋችሁ ሸፍኑት።
• ቅቤ፣ ኮልጌት፣ እንቁላል፣ ማር፣ ሊጥ፣ ጭቃ አይደረግበትም። ሙቀቱን አምቀው ይይዛሉ፣ ቁስሉ እንዲያመረቅዝ ያደርጋሉ። ውሃ የቋጠረውንም አታፍርጡ።

ቃጠሎው ከተጎጂው መዳፍ ከሰፋ፣ ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት አካባቢ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለው ትንሽ ልጅ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው።

ልብሱ በእሳት የተያያዘ ሰው አይሩጥ። መሬት ላይ ይተኛ፣ ይንከባለል፣ በጋቢ ወይም በቡልኮ ጠቅልሉት። መጥበሻ ላይ ዘይት ከተቀጣጠለ ውሃ አትድፉበት፤ ክዳን ግጠሙበትና እሳቱን አጥፉ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ሃይላንድ። ቤንዚን፣ ላምባ፣ በረኪናና የፀረ ተባይ መድኃኒት በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥ እናብዛለን። ልጅ ሃይላንድ ሲያይ የሚያየው ውሃ ነው። ከጠጣ አታስመልሱት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ከሁሉም የሚሻለው ግን ዛሬውኑ ጓዳ ገብታችሁ እነዚህን ጠርሙሶች መልቀም ነው።

5. መብረቅ

መብረቅ ብዙ ጊዜ ሰው ሜዳ ላይ እያለ ነው የሚደርስበት፤ ሲያርም፣ ከብት ሲጠብቅ፣ ከገበያ ሲመለስ። ዝናብ ሲመጣ ሰው የሚሮጠው ወደ ዛፍ ነው፤ ትልቁ ስህተትም ይህ ነው። ብቻውን የቆመ ዋርካም ይሁን ረጅም ባሕር ዛፍ መብረቅ ይስባል።

ቀላል መለኪያ ልስጣችሁ። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ቁጠሩ። 30 ሳትደርሱ ነጎድጓዱ ከተሰማ አደጋው አጠገባችሁ ነው፤ ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ። በሩና መስኮቱ የተዘጋ መኪና ወይም በደንብ የተሠራ ቤት ይሻላል። ቤት ውስጥም ቢሆን ከበሩ ላይ ራቁ፤ ቻርጅ ላይ በተሰካ ስልክ አታውሩ። የምትገቡበት ከሌለ ከዛፍና ከሽቦ አጥር ራቁ፣ ዶማና ማጭዱን ጣሉ፣ እግራችሁን ገጥማችሁ ቁጢጥ በሉ፣ ተበታተኑ።

መብረቅ የመታውን ሰው መንካት የሚፈሩ አሉ። ሰውነቱ ላይ የሚቀር ኤሌክትሪክ ስለሌለ መንካት ይቻላል። ትንፋሹ ቢቆም እንኳ ቶሎ ከተረዳ ሊተርፍ ይችላል። ካልነቃና በትክክል የማይተነፍስ ከሆነ፦

• በጀርባው አስተኙት።
• ሁለት እጃችሁን ደራርባችሁ የደረቱን መሃል ወደ ታች 5 ሴንቲ ሜትር ያህል በኃይልና በፍጥነት ተጫኑ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ።
• ሲደክማችሁ ሌላ ሰው ይተካ። ሰውየው እስኪተነፍስ ወይም የሕክምና ሰው እስኪደርስ አታቁሙ።

6. ደራሽ ውሃና ከዚያ በኋላ ያለው ውሃ

ብር፣ ተምጫ፣ ላህ፣ ፈጠም... እነዚህን ወንዞች በበጋ ሱሪ ሰብስበን እንሻገራቸዋለን። በክረምት ግን እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሆኖ ላይ ደጋው ላይ የዘነበው ድንገት ይደርሳል። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ፈጣን ውሃ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ደግሞ መኪና ይወስዳል። ውሃው ከደፈረሰና ቅጠልና ግንድ ይዞ መምጣት ከጀመረ አትሻገሩ። ትምህርት ቤት የሚመላለሱ ልጆችን «ወንዙ ከሞላ ዘመድ ቤት እደሩ» ብላችሁ የሚያድሩበትን ቤት አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ጎርፉ ከሄደ በኋላ ሁለተኛው አደጋ ይመጣል፤ ተቅማጥ። ጉድጓድና ምንጭ በጎርፍ ከተበከለ ውሃውን አፍሉት። የእኛ አካባቢ ከፍታ ስላለው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ውሃ አጋር ካለም ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ተጠቀሙ። ተቅማጥ ለያዘው ሰው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ስጡ። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጨው አይብዛ።

7. ሌሎቹን በአጭሩ

• እባብ፦ አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ በገመድ አታንቁት። ቀለበትና አምባር አውልቁ፣ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ በእንጨት ደግፋችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ፣ ሰውየውን ተሸክማችሁ ውሰዱት።
• የውሻ ንክሻ፦ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ለክትባት ሂዱ። ጸበልም ይሁን ባህላዊ መድኃኒት ክትባቱን አይተካም።
• የሚፈስ ደም፦ በንጹሕ ጨርቅ በእጃችሁ አጥብቃችሁ ያዙት፤ በየደቂቃው እየገለጣችሁ አትዩት።
• ትኩሳት፦ በቆላው በኩል ወባ አለ። ልጅ አተኩሶት ከተንቀጠቀጠ፣ ከፈዘዘ ወይም መጥባት እምቢ ካለ እስኪነጋ አትጠብቁ።
• ወሊድ፦ ወሯ የገባ እናት ቤቷ ከመንገድ የራቀ ከሆነ ምጡ ሳይጀምር ጤና ጣቢያው ያለው የእናቶች ማቆያ ትግባ።

8. ዛሬ ማታ የሚሠሩ ሦስት ነገሮች

አንደኛ፦ ስንቅ። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ አያቶቻችን መንገድ ሲወጡ በሶና ቆሎ ይዘው ነበር። አንድ ቦርሳ በር አጠገብ ስቀሉና እነዚህን ያዙበት፦ የእጅ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ትንሽ ሬዲዮ፣ ክብሪት፣ ንጹሕ ጨርቅና ፋሻ፣ ጓንት፣ ሳሙና፣ ሕይወት አድን፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ጥቂት ጥሬ ብር፣ በፌስታል የተጠቀለለ መታወቂያና የጤና መድን ደብተር። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይተካ፤ «ነገ እሄዳለሁ» ስንል መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። ውሃ ደግሞ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር አስቡ። ለአምስት ሰው ለሦስት ቀን 45 ሊትር ነው፤ ሁለት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ይበቃል።

ሁለተኛ፦ ወረቀት። ስልክ ውስጥ ያለ ቁጥር ባትሪው ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል። በር ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ፦ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991፣ የወረዳችሁ አምቡላንስ ሹፌር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የጤና ጣቢያው ተረኛ፣ መኪና ወይም ባጃጅ ያለው ጎረቤት። የወረዳውን ቁጥር ከጤና ኤክስቴንሽኗ ታገኛላችሁ። ማንበብ ለሚከብዳቸው አባትና እናት ትልልቅ አድርጋችሁ ጻፉላቸው፤ የጎረቤት ልጅ ያነብላቸዋል።

ሦስተኛ፦ እድር። ሰው ሲሞት የእኛ እድር እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ታውቃላችሁ። ጥሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ተረኞቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ። ማን ምን እንደሚሠራ ማንም አይጠይቅም። ለመቅበር እንዲህ ከተደራጀን ሰው ሳይሞት ለማዳንስ?

በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ሐሳብ አንሡ፦ እድሩ አንድ ጠንካራ ቃሬዛ ይኑረው። ወንዙ ቢሞላ ወይም መኪና ባይገባ ተራ ገብተው የሚሸከሙ ስምንት ወጣቶች በስም ይመዝገቡ። ለመኪና ኪራይ የሚሆን ትንሽ ብር ለብቻ ይቀመጥ። ነፍሰ ጡር፣ አቅመ ደካማና ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ያሉባቸው ቤቶች ይታወቁ። የጤና ኤክስቴንሽኗ መጥታ አንድ ሰዓት ታሠልጥናችሁ። ብዙ ወጪ የለውም፤ ስምምነት ብቻ ይፈልጋል።

እንግዲህ ያችን ልጅ በሌላ ሌሊት እናስባት። ያው ዝናብ፣ ያው ጨለማ። ባትሪው ቦርሳው ውስጥ ነበር። እናት ውሃ እያፈሰሰች 20 ደቂቃ ትቆጥራለች። አያት ነጠላ ይዘው ይጠብቃሉ። አባት በሩ ጀርባ ካለው ወረቀት ላይ ደውሏል፤ ሹፌሩ «ከወንዙ ማዶ እጠብቃችኋለሁ» ብሏል። ቃሬዛው በረንዳ ላይ ደርሷል፣ አራት ወጣቶች ተሸክመው አራት ተከትለው ይሄዳሉ። ልጅቱ ታለቅሳለች። ማልቀሷ ጥሩ ነው፤ ትተነፍሳለች ማለት ነው።

ውድ ቤተሰቦች፣ ይህን ጽሑፍ ለእድራችሁ ዳኛ፣ ለጸሐፊውና ገጠር ላለው ወንድማችሁ ሼር አድርጉላቸው። ስማርት ስልክ ለሌላቸው ደግሞ ደውላችሁ አንብቡላቸው። በር ጀርባ ወረቀቱን ስትለጥፉ «ለጠፍን» በሉን።

ክረምቱ በሰላም ይለፍልን።